ተበዳይዋ ለምን ትወጣለች? የሴቶችን ጥቃት ለመግታት የሚደረገው የመንግሥት ጥረትና የመኖሪያ ቤት ጥያቄ፣ ከአዲሱ ገበያ ሲታይ

መነሻ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚያወጣው ጎዳና የእንጦጦን ዳገት ከመያዙ በፊት አዲሱ ገበያን ያቋርጣል። በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ይህ ሰፈር የሱሉልታ መንገደኛ የሚሳፈርበት፣ ጉሊት በመንገድ ዳር የሚዘረጋበት፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ክፍል ክፍል ተከራይቶ የሚኖርበት ነው። ከእንጦጦ ጫካ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ፣ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥጥ የሚፈትሉ፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ፣ በሰው ቤት ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች የአካባቢውን ኑሮ ተሸክመው የኖሩ ናቸው። እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ በሚስት ላይ የሚፈጸም ድብደባ ከጎረቤት ጆሮ አያመልጥም፤ ክፍልን ከክፍል የሚለየው ግድግዳ ስስ ነውና። ይሁን እንጂ የተሰማው ሁሉ አይነገርም። ነገሩ የቤት ገበና ነው፤ ገበናን መሸፈን ደግሞ የመልካም ጎረቤት ወግ ተደርጎ ይቆጠራል።

ድብደባው ሲከፋ አንድ ሰው ከቤቱ ይወጣል። ልጆቿን ይዛ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወደ እህቷ ወይም ወደ ጎረቤቷ የምትሄደው ተበዳይዋ ናት። በዳዩ በቤቱ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ ከዚህ ይጀምራል። ሕገ መንግሥቱ፣ የቤተሰብ ሕጉና የወንጀል ሕጉ የሴቶችን እኩልነት ካወጁ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ታዲያ አሁንም ከቤት የምትወጣው ተበዳይዋ የምትሆነው ለምንድን ነው? የጽሑፉ መከራከሪያ አጭር ነው፦ መንግሥት ሕግ በማሻሻልና ተቋም በማደራጀት ረገድ የማይናቅ ሥራ ሠርቷል፤ ነገር ግን ጥቃትን ከመኖሪያ ቤት ጥያቄ ነጥሎ ስላየው የጥበቃው ዋጋ በተበዳይዋ ትከሻ ላይ ወድቋል።

የሕጉ ጉዞ

የተደረገውን ለውጥ መጠን ለመረዳት የተነሣበትን ቦታ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ነበር። ሚስት ሕጋዊ በሆነው ነገር ሁሉ የባሏን ትዕዛዝ የመፈጸም ግዴታ ነበረባት፤ ቤተሰቡ የት እንደሚኖር የመምረጥ ሥልጣንም የባል ነበር። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባት ከክስ ነፃ የሚሆንበትን በር ከፍቶ ነበር።

ይህ ሥርዓት በአንድ ቀን አልፈረሰም። ኢትዮጵያ በሴቶች ላይ የሚደረግ ማንኛውንም ዓይነት አድልዎ ለማስወገድ የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የሴቶች ብሔራዊ ፖሊሲ ወጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ከመደንገጉም በላይ፣ ጎጂ ልማዶች የሚያሳድሩትን ተጽዕኖ የማስወገድ ኃላፊነትን በመንግሥት ላይ ጣለ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ደግሞ የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ ለሁለቱም ፆታ 18 ዓመት አደረገ፤ ባልና ሚስትን በቤተሰብ አስተዳደር እኩል አደረገ፤ የመኖሪያ ቦታ ምርጫንም ለሁለቱ የጋራ ስምምነት ተወ። ከሁሉ በላይ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ከሽምግልና ዳኞች ወጥቶ ለፍርድ ቤት ብቻ ተሰጠ፤ የሽማግሌዎቹ ድርሻ ማስታረቅ ሆነ።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግም ጠላፊው የጠለፋትን ማግባቱ ከተጠያቂነት እንደማያድነው ደነገገ፤ የሴት ልጅ ግርዛትንና ያለዕድሜ ጋብቻን በስማቸው ጠርቶ ወንጀል አደረገ፤ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት እንደሚያስቀጣ ገለጸ። እነዚህ ለውጦች የመንግሥት ችሮታ ብቻ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ በመስጠትና የሕግ ማሻሻያ በመጠየቅ ያደረገው ግፊት በታሪኩ ውስጥ ጉልህ ስፍራ አለው። ያው መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ከ10 በመቶ በላይ ገቢያቸውን ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በፆታ እኩልነትና በመሰል የመብት ጉዳዮች ላይ እንዳይሠሩ መከልከሉ፣ አዋጁ በ1113/2011 እስኪተካ ድረስ የሕግ ድጋፉን ክንድ አዛለው። የመንግሥት ጥረት ሲመዘን ይህም አብሮ መመዘን ይኖርበታል።

በፖለቲካ ውክልና በኩል ያለው ለውጥ ለዓይን ይታያል። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ሴቶች ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ከ38 በመቶ በላይ ያዙ፤ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት አባላት ግማሾቹ ሴቶች ሆኑ። ይሁንና የምክር ቤት መቀመጫ በግቢ ውስጥ ላለው ክፍል በር ቁልፍ አይሆንም።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ያሳያል። የመጀመሪያው ተስፋ የሚሰጥ ነው። የቤተሰብ ሕጉ በወጣበት በ1992 ዓ.ም. ከተጠየቁት ሴቶች 85 በመቶ ያህሉ ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት መምታቱ ተገቢ ነው ብለው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 63 በመቶ ወርዷል። በዚሁ ጊዜ ውስጥ የተገረዙ ሴቶች ድርሻ ከ80 በመቶ ወደ 65 በመቶ ቀንሷል፤ ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ልጃገረዶች ዘንድ ደግሞ 47 በመቶ ነው።

ሁለተኛው ግን ያሳስባል። በዚያው የ2008 ዓ.ም. ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች ሩብ ያህሉ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ጥቃት ከደረሰባቸው ውስጥ እርዳታ የጠየቁት ሩብ እንኳ አይሞሉም፤ ከሦስቱ ሁለቱ እርዳታም አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። እርዳታ የጠየቁትም በአብዛኛው የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ቤተሰባቸው እንጂ ወደ ፖሊስ አልነበረም።

ዝምታውን ባህል ብቻ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ባህል ድርሻ እንዳለው አይካድም። ነገር ግን ዝም የምትል ሴት ሁሉ መብቷን የማታውቅ ናት ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ከተናገሩ በኋላ የሚመጣውን አስልተው የሚወስኑ ናቸው። የማደሪያ ቦታ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የወር ኪራይ፣ የጉሊት ደንበኛ፣ የዕድር አባልነት፣ እነዚህ ሁሉ በስሌቱ ውስጥ አሉ። ፖሊሲው ሊለውጠው የሚገባው አመለካከትን ብቻ ሳይሆን ይህን ስሌት ጭምር ነው።

አቤቱታና እርቅ

አንዲት የአዲሱ ገበያ ነዋሪ ጉዳዩን ወደ ሕግ ለመውሰድ ብትወስን የሚገጥማት መንገድ ምን ይመስላል? አንቀጽ 564 ራሱን የቻለ ቅጣት የለውም፤ ስለ አካል ጉዳትና ስለ እጅ እልፊት ወደሚደነግጉት ጠቅላላ አንቀጾች ይመራል። ከባድ ጉዳት ካልደረሰ በቀር ተራው የአካል ጉዳትም ሆነ የእጅ እልፊት የሚያስቀጣው በግል አቤቱታ ነው። ይህ ማለት ክሱ የሚንቀሳቀሰው በተበዳይዋ አቤቱታ ነው፤ አቤቱታዋን ስታነሣም ይቆማል። ስድብን፣ ማስፈራራትን፣ ገንዘብ መከልከልን፣ ከሥራ ማስቀረትን በትዳር ውስጥ እንደሚፈጸም ጥቃት አንድ ላይ የሚያይ ድንጋጌም የለም። የአስገድዶ መድፈር አንቀጽ 620 ድርጊቱን «ከጋብቻ ውጭ» በሚል ስለገደበው፣ በትዳር ውስጥ የሚፈጸመው ከሕጉ ደጅ ቀርቷል።

ክሱ በአንዲት ሴት ፈቃድ ላይ ሲንጠለጠል ጫናው ሁሉ ወደ እርሷ ይዞራል። ሽማግሌ ይላካል፤ የነፍስ አባት ይለምናል፤ አማት ታለቅሳለች፤ የዕድር ዳኛ ይመክራል። «ለልጆችሽ ስትዪ» ይባላል። ሽምግልና በኢትዮጵያ ኑሮ ውስጥ ያለው ዋጋ ትልቅ ነው። ወጪው ትንሽ ነው፤ ፈጣን ነው፤ ቂምን ያበርዳል፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ያኗኗራል። በዚህ ጉዳይ ላይ ችግሩ የሽማግሌዎቹ ክፋት አይደለም። ሽምግልና የሚያስታርቀው ሁለት እኩል ባለጉዳዮችን ነው። የቤት ውስጥ ጥቃት ግን እኩልነት የጠፋበት ቦታ ነው። እርቁ ሲወርድ ትዳሩ ይድናል፤ ተበዳይዋ ወደ ተመታችበት ክፍል ትመለሳለች፤ በዳዩ የሚሰጠው ቃል ብቻ ነው፤ ቃሉን ቢያፈርስ የሚከተለው ሌላ ሽምግልና ነው።

አቤቱታዋን ብትገፋበት ደግሞ ሌላ አጣብቂኝ ይገጥማታል። ባሏ ከታሰረ የቤቱ ገቢ ይቋረጣል፤ በዋስ ከተለቀቀ የሚመለሰው ወደዚያው ክፍል ነው። በመሆኑም ሕጉ ያቀረበላት ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፦ ወይ የልጆቿን አባት ማሳሰር፣ ወይ ዝም ማለት። በሁለቱ መካከል ሊኖር የሚገባው ሦስተኛ መንገድ አልተጠረገም።

የቤት ጥያቄ

ሦስተኛው መንገድ በከፊል በሕጉ ውስጥ አለ፤ ግን በሩ ጠባብ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 82 የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አጠባበቅና ስለ ንብረት አስተዳደር ጊዜያዊ ትዕዛዝ እንዲሰጥ፣ ከባልና ሚስቱም አንዱ ከጋራ መኖሪያው መውጣት ካለበት ማን ይውጣ የሚለውን እንዲወስን ያደርጋል። ይህ ታላቅ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን የታሰረው ከጥቃት ጋር ሳይሆን ከፍቺ ጋር ነው። ድብደባው እንዲቆም እንጂ ትዳሯ እንዲፈርስ የማትፈልግ ሴት ልትጠቀምበት አትችልም። ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብራ የምትኖር ሴትም የምታቀርበው የፍቺ አቤቱታ የለም። በኪራይ ክፍሎች ውስጥ የዚህ ዓይነት አኗኗር እንግዳ አይደለም።

መንግሥትና የሲቪክ ማኅበራት በዚህ ክፍተት ውስጥ ያቆሙት ሌላ መጠለያ ነው። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተጀመረው የተቀናጀ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን አንድ ጣሪያ ሥር አገናኝቷል። እንደ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ያሉ ድርጅቶች ለተጎጂዎች ማደሪያ፣ ምክርና የሙያ ሥልጠና ይሰጣሉ። የከተማው አስተዳደርም ከእንጦጦ እንጨት ይሸከሙ ለነበሩ እናቶች የእንጀራ መጋገሪያ ሥራ ማመቻቸቱ ለተበዳይ ሴት የራሷን ገቢ በመስጠት ረገድ ጠቃሚ እርምጃ ነው። የእነዚህ ተቋማት ዋጋ አያጠያይቅም። ሆኖም ሁሉም አንድ ነገር ይጋራሉ፦ ተበዳይዋ ከቤቷ ከወጣች በኋላ የሚቀበሏት ናቸው። ከአዲሱ ገበያ ተነሥታ ከተማውን አቋርጣ፣ ልጆቿን ከትምህርት ቤት አስቀርታ፣ ደንበኞቿን ትታ ትሄዳለች። ማረፊያው ሕይወት ያድናል፤ ነገር ግን ብቸኛው መልስ ሲሆን ቅጣቱን ለተበዳይዋ ይሰጣል።

ሕግ ቤት ድረስ ገብቶ ውጤት ሊያመጣ እንደሚችል የአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ ያሳያል። በክልሉ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም ብቻ ሳይሆን የሁለቱም ፎቶግራፍ እንዲለጠፍ ተደረገ። ለውጡ የመጣው በስብከት አይደለም፤ በቀበሌ ደረጃ በተሞላ ቅጽ፣ በደብተርና በፎቶግራፍ ነው። ሚስቱን አባርሮ መሬቱን ብቻውን ለመያዝ የሚፈልግ ሰው በሁለት ፎቶግራፎች የተያዘ ሰነድ ይገጥመዋል። በአዲስ አበባም ቢሆን በጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ 30 በመቶው ለሴቶች መመደቡ የዚሁ አስተሳሰብ ፍሬ ነው። ነገር ግን በኪራይ ክፍልና በቀበሌ ቤት ለሚኖረው ለአብዛኛው የአዲሱ ገበያ ዓይነት ነዋሪ እንዲህ ያለ ሰነድ አልተዘጋጀለትም። ውሉ በባል ስም ከሆነ አከራዩ የሚያውቀው ባልን ነው፤ ሚስት በራሷ ቤት እንግዳ ትሆናለች።

ተቃራኒ ሐሳቦች

በዳዩን ከቤት የሚያስወጣ የጥበቃ ትዕዛዝ ይኑር የሚለው ሐሳብ ሲነሣ ሦስት ተቃውሞዎች ይሰማሉ። የመጀመሪያው ትዕዛዙ ትዳርን ያፈርሳል የሚለው ነው። እውነታው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዛሬ ሴት ልጅ የመኖሪያ ቤት ትዕዛዝ የምታገኘው ፍቺ በመጠየቅ ብቻ ስለሆነ ወደ ፍቺ የሚገፋት ያለው ሕግ ነው። ለጥቂት ሳምንታት የሚቆይ ትዕዛዝ ለእርቅ እንኳ የተሻለ ጊዜ ይሰጣል፤ እርቁ ከፍርሃት ነፃ በሆነ ቦታ ይሆናልና።

ሁለተኛው ትዕዛዙ ለሐሰት ክስ ይጋለጣል የሚል ነው። ስጋቱ መሠረተ ቢስ አይደለም። መልሱ ግን ትዕዛዙን መከልከል ሳይሆን በዳኛ ብቻ እንዲሰጥ፣ ጊዜው አጭር እንዲሆን፣ ተጠሪው በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀርቦ እንዲሰማ ማድረግ ነው። ኬንያ በ2015፣ ኡጋንዳ በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጧቸው የቤት ውስጥ ጥቃት ሕጎች የጥበቃ ትዕዛዝን ይዘዋል፤ ደቡብ አፍሪካም ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚሁ መንገድ ሄዳለች። ኡጋንዳ እንዲያውም ጉዳዩን በአካባቢ ምክር ቤት ደረጃ ያሉ ፍርድ ቤቶች እንዲያዩት ፈቅዳለች። የእነዚህ አገሮች አፈጻጸም ከችግር የጸዳ ባይሆንም፣ በቤት ውስጥ የሚደርስ ጥቃትን በወንጀል ቅጣት ብቻ ለመግታት መሞከር እንደማይበቃ ቀድመው ተገንዝበዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሥልጣን ክፍፍል ጥያቄ ነው። የቤተሰብ ሕግ የክልሎች ሥልጣን ስለሆነ አንድ አገር አቀፍ ሕግ ማውጣት ያስቸግራል ይባላል። ይህ ክርክር ለአዲስ አበባ አይሠራም። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ስለሚሠራ፣ የፌዴራሉ ሕግ አውጪ በእነዚህ ሁለት ከተሞች መጀመር ይችላል። ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ ላይ የሚሠራው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው። ኪራይ ሲወደድባት ዳገቱን ተሻግራ የምትሰፍር ሴት ጥበቃዋ በተራራው ጫፍ ላይ እንዳይቀር፣ ትዕዛዙ በክልሎች ዘንድ የሚከበርበት ስምምነት በጊዜ ሊታሰብበት ይገባል።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከቀረበው ትንተና አራት ሐሳቦች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 82 የያዘው ሥልጣን ከፍቺ አቤቱታ ተላቅቆ ራሱን የቻለ የጥበቃ ትዕዛዝ ይሁን፤ ያለ ጋብቻ አብረው የሚኖሩትንም ይሸፍን። ሁለተኛ፣ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የአካል ጉዳት ከግል አቤቱታ ወንጀሎች ዝርዝር ይውጣ፤ ክሱን የመቀጠል ኃላፊነት የዐቃቤ ሕግ ይሁን። ያን ጊዜ ሽማግሌ ወደ ተበዳይዋ ደጅ ቢመጣ እንኳ የምታነሣው ነገር ስለማይኖር ጫናው ይቀልላታል።

ሦስተኛው ሐሳብ አዲስ ሕግ አይጠይቅም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ተከራይም ቢያንስ ለሁለት ዓመት ከቤቱ እንዳይነሣ ደንግጓል። በአዲስ አበባ ምዝገባው የሚካሄደው በወረዳ ነው። በዚያ የምዝገባ ቅጽ ላይ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን እንዲሰፍር ማድረግ የሚያስወጣው ወጪ የአንድ መስመር ቀለም ነው። የቀበሌ ቤት ውል ሲታደስም ሆነ በመልሶ ማልማት ለተነሡ ምትክ ቤት ሲሰጥ ይኸው አሠራር ሊከተል ይችላል። የአማራ ክልል የመሬት ደብተር ለገጠሯ ሴት ያደረገውን የወረዳው የኪራይ ቅጽ ለከተሜዋ ሊያደርግላት ይችላል።

አራተኛ፣ የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ፖሊስና ዕድሮች የእያንዳንዳቸው ድርሻ በግልጽ የተጻፈበት የጋራ አሠራር ይኑራቸው። ዕድር ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ይተክላል፤ ጥቃት ሲደርስ የመጀመሪያ ሰሚ እንዲሆን ማሠልጠን ይቻላል። ድርሻው ማስታረቅ ሳይሆን ማድረስ ይሁን። ጥቃት የሚሰማው ጎረቤት በመሆኑ፣ የመንግሥት መዋቅር ከጎረቤት ካልተገናኘ የሚሰማው ጩኸቱ ካለፈ በኋላ ነው።

ለተመራማሪዎችም የሚቀር ሥራ አለ። እስካሁን ያሉት ዳሰሳዎች ጥቃት ስንት ሴቶች ላይ እንደደረሰ በሚገባ ነግረውናል፤ ከጥቃቱ በኋላ በቤቱ ውስጥ ማን እንደቀረ ግን አልጠየቁም። ውሉ በማን ስም ነበር? ልጆቹ የት አደሩ? ተበዳይዋ ከስንት ቀን በኋላ ተመለሰች? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚፈልግ ጥናት በጉለሌ አንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ ቢካሄድ ለሕግ አውጪው ትልቅ ስንቅ ይሆናል።

ማጠቃለያ

በኢትዮጵያ የቆየ የፍትሕ ወግ ውስጥ «በሕግ አምላክ» የሚል ቃል ነበር። በደል ሲፈጸም ያየ ሰው ይህን ሲል በዳዩ እጁን ሰብስቦ እንዲቆም፣ ነገሩም ወደ ዳኛ እንዲሄድ ይጠበቅ ነበር። ቃሉ ቅጣት አልነበረም፤ ፍርድም አልነበረም። ፍርዱ እስኪመጣ በደሉን የሚያቆም ነበር። የጥበቃ ትዕዛዝ ከዚህ ወግ የራቀ ባዕድ ነገር አይደለም፤ ያንኑ ቃል በዳኛ ማኅተም መጻፍ ነው።

መንግሥት ባለፉት ዐሥርት ዓመታት የሠራው ሥራ ሴትን በሕግ ፊት እኩል አድርጓታል። የሚቀረው በቤቷ ደጃፍ እኩል ማድረግ ነው። በአዲሱ ገበያ አንድ ግቢ ውስጥ በሌሊት የሚሰማ ጩኸት ሲያበቃ ልጆቿን ይዛ ወደ ጨለማ የምትወጣው ተበዳይዋ ሳትሆን፣ በዳዩ ወጥቶ እርሷ በሯን ቆልፋ የምታድርበት ቀን ሲመጣ፣ ያን ጊዜ አዋጆቹ ከነጋሪት ጋዜጣ ወጥተው ቤት ገቡ ለማለት ይቻላል።